የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል፤ ማን አስጠጋው?

ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ አንድ ስብሰባ ገብቼ ነበር። ስለ ድሃ ቤተሰቦች ኑሮ የሚመክር ነው። የፕላስቲክ ውሃ፣ ደረቅ ኩኪስ፣ ፕሮጀክተር። ታውቁታላችሁ። አንድ ባለሙያ ተነሣና የአንዲት ሴት ታሪክ አወራ። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጅ የምታሳድግ የገጠር ሴት ናት። ሰኔ ላይ እህል አለቀባት። ከአንድ ነጋዴ ብር ተበደረችና መሬቷን በወለድ አገድ ሰጠች። ወለድ አገድ ለማታውቁት፣ ተበዳሪው ብሩን እስኪመልስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ይበላል። ምርቱ በወለድ ፋንታ መሆኑ ነው።

ባለሙያው ፈገግ አለና «ያው የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል አይደል? የግንዛቤ እጥረት ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልማድ ፈገግ ብያለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ይህ ተረት የሞኝ ተረት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው ደጋ፣ ለጋምቦ በኩል፣ አያቴ ዘንድ ነበር። የዚያን አገር ነፋስ ያላየ ሰው ይህን ተረት በግማሽ ነው የሚሰማው። በር ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው እንግዳው ሳይሆን ነፋሱ ነው።

ወፍጮዋ ከጓዳው ጥግ ተተክላ ነበር። አያቴ ልትፈጭ ስትል ከመንበርከኳ በፊት በሩን ታዘጋለች። የእኔ ሥራ በሩን ይዞ መቆም ነው። መዝጊያው ስለማይገጥም ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። በስንጥቁ በሚገባው ጭላንጭል እጇ ብቻ ይታየኛል። መጁን ወደፊት ትገፋለች፣ ወደ ራሷ ትስባለች። የተቆላውን ገብስ መጀመሪያ ትሸረክተዋለች፣ ትደግመዋለች፣ በሦስተኛው ይልማል። «የላመ የጣመ» የምንለው እኮ ከዚህ ነው፤ ሦስት ጊዜ በጉልበት የተሄደበት ነገር ነው። ድምፁም ይለወጣል። ሽርክቱ ይንኳኳል፣ የላመው ያንሾካሹካል።

አንድ ቀን ጥጃ ሲያመልጥ ሰማሁና በሩን ለቀቅኩት። ነፋሱ ገባ። ዱቄቱ እንደ ጢስ ተነሣ። አያቴ አልጮኸችም፤ በደረቷ ተደፋችበት። ቀና ስትል ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። «አንተ ልጅ፣ ይህ የግማሽ ቀን ጉልበት ነው» አለችኝ። መምታቱን ለማታ አቆየችው።

እንግዲህ እዚያ ቤት የዱቄት ቦታ ይታወቃል። ጎታው፣ ጓዳው፣ ክዳን ያለው ዕቃ፣ የተዘጋ በር። ሞልቶለት ከነፋስ የሚጠጋ ዱቄት የለም። ታዲያ የትኛው ዱቄት ነው የሚጠጋው?

እሱንም አይቻለሁ። ነሐሴ ላይ አንዲት ጎረቤታችን መጣች። በልግ ከሽፎባቸው ነበር። ደጋ ላይ በልግ ከከሸፈ ክረምቱ ረጅም ነው። አያቴ ቡናውን ትታ ተነሣች፣ «አብሽሪ፣ ነይ ግቢ» አለቻትና አንድ ጣሳ ዱቄት በሰፌድ ሰጠቻት። ክዳን አልነበረም። ነጠላ እንኳ አልደረበችም። ያቺ ሴት ያን ሜዳ ያቋረጠችው የኋሊት እየሄደች ነው። ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ሰፌዱን ከሆዷ ለጥፋ፣ በእግሯ መሬቱን እየዳበሰች። እኔ ሳቅኩ፣ ልጅ ነኛ። አያቴ ጆሮዬን ያዘችኝ። ከመንገዱ ማዶ እስክትደርስ ድረስ አልለቀቀችኝም።

አሁን ወደ ራሴ ግምት ልምጣ። ስለዚህ ተረት አመጣጥ ለዓመታት የያዝኩት ሐሳብ አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን እናገራለሁ።

ዱቄት ከመሆኑ በፊት እህል ነበር። እህል ደግሞ ከነፋስ ጋር ወዳጅ ነው። አውድማ ላይ ምርቱ ተበራይቶ ሲያበቃ ገበሬው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ነፋስን ነው። ነፋስ ከጠፋ አጎቴ ያፏጭለት ነበር፤ ሲመጣም እንደ ሰው «መጣ! መጣ!» ይላል። ከዚያ በላይዳ ወደ ላይ ነው። ገለባው ወዲያ፣ ፍሬው እዚሁ እግሩ ሥር። ያለ ነፋስ እህል ከእብቁ አይላቀቅም። እና እኔ እንደሚመስለኝ የተረቱ ዱቄት ይህን ያስታውሳል። በደህና ቀን የጠቀመውን ወዳጅ ነው የሚፈልገው። ዛሬ ክብደት እንደሌለው ግን ነፋሱ አያይለትም። ነፋስ ሁሌም ያው ነፋስ ነው። የተለወጠው ዱቄቱ ነው።

አያቴ ይህን ብትሰማ «እህል ደግሞ ምን ያስታውሳል?» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ይሁን። ግምቴን ግን አልለቅም። ምክንያቱም ብድርን እንዲህ አድርጎ የሚገልጽ ነገር ሌላ አላገኘሁም። ሁለት በሬና ሙሉ ጎታ ላለው ሰው ብድር የአውድማ ነፋስ ነው። ዘር ይገዛበታል፣ በግ ያደልብበታል፣ ይከፍላል። ጎታው ባዶ ለሆነው ደግሞ ያው ብድር ያው ብር ነው፣ ግን ይበትነዋል። ብሩ ለልጆቹ እራት ይሆናል። እራት ደግሞ ተበልቶ ያልቃል፣ ብር አይወልድም። ቀጥሎ በሬው ይሸጣል። በሬ የሌለው መሬቱን የእኩል ይሰጣል። ከዚያ ወለድ አገድ።

ወሎ ይህን ቅደም ተከተል በደንብ ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ስለ ሰባ ሰባቱ ሲያወሩ ከረሃቡ በፊት የሚያነሡት ገበያውን ነው፦ በሬ ምን ያህል እንደወረደ። ሁሉም ሲሸጥ ገዢ የለም። አማርትያ ሴን የተባለው ኢኮኖሚስት የ1966ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ የጻፈው ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንደተፈራው አልናረም ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው መግዣ ነው። ከብቱ ረክሷል፣ እርሻው ከሽፏል፣ እጁ ባዶ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ ሲጀመር ዋናው ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ሰው በሬውን ሳይሸጥ ክፉውን ወር ይሻገር። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል፣ ክፍያው ጥሬ ብር ወይም እህል ነው። አቅመ ደካማ ያለ ሥራ ያገኛል። ነፍሰ ጡርም ድንጋይ አትሸከምም። በ2009 ዓ.ም. የከተማው ሲጀመር ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ይህን ሁሉ ሳስብ የሚመጣብኝ ክዳን ነው። ጎታ መሙላት ሌላ ሥራ ነው፤ ይህ ለሰፌዷ ክዳን መስጠት ነው።

አንድ ቃሉ ብቻ ያስቀኛል። ቤተሰቡ ራሱን ችሏል ተብሎ ከዝርዝሩ ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። ወሎ ውስጥ ምርቃት ምን እንደሆነ አስቡት! ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ፣ ጫቱና ቡናው ቀርቦ፣ «አሚን» እየተባለ የሚወርድ ነገር ነው። አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ መርቀውኝ እኮ ነው የተራብኩት» ስትል ሰምቻለሁ። ስትናገረው እሷም ሳቀች።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። አያቶቻችን ይህን ተረት ሲሉ የሰማሁት በሁለት አጋጣሚ ነው። አንደኛው ስለ ራሳቸው። «ምን ላድርግ፣ የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል» እያሉ የማይወዱት ሰው ደጅ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ለሌላው ሲማልዱ። ቅሬው (እድሩ) ውስጥ አንድ ሰው መዋጮውን ባለመክፈሉ ሲወቀስ፣ ወይም ከማይሆን ሰው ጋር ተዋውሎ ሲገኝ፣ አንዱ ሽማግሌ ይህን ይላል፤ ክርክሩም ይለዝባል። ማለፊያ መስጫ ነበር። ዛሬ መሳቂያ አድርገነዋል። ሰሞኑንማ በሬዲዮ አንድ የእግር ኳስ ተንታኝ ውድ አጥቂ ስላስፈረመ ክለብ ሲለው ሰማሁ። ሌላው ተቀብሎ «አዎ፣ ዱቄት ከነፋስ ይጋጫል» አለ። ይጋጫል! በምኑ?

ሻይ ሰዓት ላይ ያን ባለሙያ ጠጋ አልኩት።

«ወንድሜ፣ ያቺ ሴት ሰኔ ላይ ሌላ የት ትሂድ ነበር?»

ኩኪሱን እያላመጠ አሰበ። «ዘመድ የላት። ማኅበር ገብታ አልቆጠበች። ባንክ አያበድራት» አለ፣ በጣቱ እየቆጠረ። «እሱማ አማራጭ አልነበራትም።»

ደግ ሰው ነው፣ አዘነላትም። ከሰዓት በኋላ ባቀረበው ስላይድ ላይ ግን «ዋና ዋና ችግሮች» ከሚለው ሥር በተራ ቁጥር 1 «የግንዛቤ እጥረት» እንደተጻፈ ነበር።