ዋት-አወር ምንድን ነው? ሀረጎን የማያውቁ ማስታወቂያዎች

«ባለ 1000 ዋት ባትሪ፣ በአንድ ቻርጅ 120 ኪሎ ሜትር!» ይላል ማስታወቂያው። ፎቶው ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ማውንቴን ሳይክል ወፍራም ጎማውን ነፍቶ ቆሟል። ወዲያው ወሬው ይጀመራል። አንዱ «ከደሴ ኮምቦልቻ ሁለቴ ደርሶ መልስ ማለት እኮ ነው» ይላል። ሌላው ይቀበለውና «ቁልቁለቱን ሲወርድ ራሱን ቻርጅ ስለሚያደርግ እንዲያውም ሦስቴ» ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ስንት ጊዜ አይቼ እንዳላየ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ግን በቃኝ።

እንጀራዬ ባትሪ መፍታትና መጠገን ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ቻርጅ ማውራት ጀምሯል። ደስ ይላል። ግን ዋትና ዋት-አወር እየተምታቱ ገንዘብ እየተበላ ነው። ሳይክሉ ምን እንደሆነ፣ ፔዳል ሲመታ ሞተሩ እንደሚያግዝ፣ ይሄን ሁሉ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

በአጭሩ ዋት የሞተር ነው። በዚህች ደቂቃ ጉልበቱ በምን ፍጥነት እየወጣ እንደሆነ ይነግራል። ዋት-አወር የባትሪ ነው። በጠቅላላው ስንት ጉልበት እንደተቋጠረ ይነግራል።

አገልግል ይዛችሁ የጦሳን ተራራ ልትወጡ ነው እንበል። አገልግሉ ውስጥ ያለው ምግብ ዋት-አወር ነው። የምትጎርሱበት ፍጥነት ዋት ነው። «እሱ ትልልቅ ስለሚጎርስ ስንቁ ይበረክትለታል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? «1000 ዋት ስለሆነ ሩቅ ይሄዳል» የሚለው ወንድሜ እያለ ያለው ይህንኑ ነው። 500 ዋት-አወር የያዘ ባትሪ ሞተሩ 1000 ዋት እየሳበ ከነጎደ በግማሽ ሰዓት አገልግሉ ባዶ ነው። 250 እየሳበ ከሄደ ሁለት ሰዓት ይበላል።

በነገራችን ላይ፣ 250 የተጻፈበትን ሞተር አትናቁ። የአውሮፓ ሕግ ለተራ የኤሌክትሪክ ሳይክል የሚፈቅደው 250 ዋት ነው። እገዛውም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ግን ይህ ቁጥር ሞተሩ ሳይደክም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ነው። ለአጭር ዳገት ከእጥፍ በላይ የሚያወጡ አሉ። ለዳገት መጠየቅ ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፣ ኒውተን ሜትር፤ ማለትም የመጠምዘዝ ጉልበቱ። ጥሩ የሚባሉት የተራራ ሞተሮች 85 ኒውተን ሜትር አካባቢ ናቸው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

ዋት-አወሩን ለማግኘት ባትሪው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ቮልቱን በአምፒር-አወሩ አባዙ። 36 ቮልት፣ 14 አምፒር-አወር ከሆነ 504 ዋት-አወር ነው። በአገልግሉ ቋንቋ ቮልቱ የእንጀራው ስፋት፣ አምፒር-አወሩ የእንጀራው ብዛት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ «ባለ 20 አምፒር ነው» ማለት ትርጉም የለውም። የ20 ምን? የፓወር ባንክ ሻጮችም ይህን ተንኮል ያውቁታል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሲባል ያስደነግጣል። 20 አምፒር-አወር ማለት ነው። በ3.7 ቮልት ሲባዛ ግን 74 ዋት-አወር ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ኮምቦልቻ 1900 ሜትር እንኳ አትሞላም። በመሀል ሀረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ከኮምቦልቻ ስትመጡ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሀል ወርዶ የሚወጣውን ሳልቆጥር 600 ሜትር ሽቅብ ነው ልበል። ሰውና ሳይክል ተደምረው 100 ኪሎ ይሁኑ። 100 በ9.8፣ እሱ በ600፣ ከዚያ ለ3600 ሲካፈል 163 ዋት-አወር ይመጣል። ይህ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ ነው። የጎማውና የአስፋልቱ ትግል፣ የነፋሱ ግፊት ሲጨመር ወደ 300 ይጠጋል። ሞተር ደግሞ የበላውን ሁሉ አይሠራበትም። ከአራት እጅ አንዱን በሙቀት ቢያባክን አይገርምም። ስለዚህ ፔዳል ሳይመታ ጋዝ ብቻ እየሰጠ ሀረጎን የሚወጣ ሰው ከባትሪው 400 ያህል ይበላል። ባለ 500 ባትሪ ከያዘ ደሴ ፒያሳ ሲደርስ መብራቷ እያስጠነቀቀች ነው። ያ «120 ኪሎ ሜትር» የት ሄደ?

የትም አልሄደም። ሜዳ ላይ ነው ያለው። ባሕር ዳር ወስዳችሁ ቀለል ያለ ሰው አስቀምጡበት፣ ትንሿን እገዛ አብሩ፣ ነፋስ አይኑር፣ ጎማው በደንብ ይነፋ። ያኔ ምናልባት። ሻጩ ዋሸ ለማለት እንኳ ይከብዳል። ጥፋቱ «በአንድ ቻርጅ» የሚለውን ያለ ዳገት መጻፉ ነው።

በሌላ በኩል ሳይለግም የሚመታ ሰው አለ። እግሩ 100 ዋት ያህል ካዋጣና መንገዱን በአንድ ሰዓት ተኩል ከጨረሰ ከባትሪው የሚበላው 200 ገደማ ነው። በአገልግሉ ቋንቋ የራሱን ቆሎ በኪሱ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። አንድ ባትሪ፣ አንድ መንገድ፣ ሁለት ሰው፣ እጥፍ ልዩነት። ለዚህ ነው «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ተብዬ ስጠየቅ «ማን ነው የሚነዳው?» የምለው። ነገረኛ ሆኜ አይደለም።

ለደሴና ለአካባቢዋ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትታችሁ የዳገት ሜትር ቁጠሩ። ለ100 ኪሎ ክብደት እያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ ጎማው ላይ 27 ዋት-አወር ነው። ፔዳል ካልመታችሁ ለዳገቱ ብቻ ከባትሪው 35 ያህል ይወጣል፤ የጎማውና የነፋሱ ለብቻው ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ የመንገዱን ከፍታ ያሳያል። በዚያ አስሉት።

ከአስፋልት ወጥታችሁ ወደ ጦሳ በሚያወጣው የእግር መንገድ ከገባችሁ ሒሳቡ ሌላ ነው። ድንጋዩ ይንሸራተታል። ለመያዝ ብላችሁ ጎማውን ታስተነፍሳላችሁ፣ የተነፈሰ ጎማ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ክረምት ላይ ዋልካው ጎማና ፍሬን መሀል ይሰገሰጋል። የሞተሩ ቦታም እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ጎማ መሀል የተሰካ ሞተር ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ይግላል። ዋት-አወሩ ወደ ላይ ሊያወጣችሁ ሲገባ ሞተሩን ያሞቃል። ፔዳሉ ጋ ያለው ሞተር ግን በማርሽ ስለሚሠራ ማርሹን አቅልላችሁለት በሚመቸው ፍጥነት ይዞራል። ካቴና ቶሎ ይጨርሳል፣ ያንን አልክድም። ግን ባህር ዛፉ መሀል የሚወጣውን አቀበት ሁለቱን ጎን ለጎን አስወጥታችሁ ሞተራቸውን በእጃችሁ ንኩ። ወሬ አያስፈልግም።

አሁን ወደዚያ «ራሱን ቻርጅ ያደርጋል» ወዳለው ሰው። ወንድሜ፣ ቁልቁለት ስለወረድክ አገልግልህ አይሞላም።

ሞተሩ ፔዳሉ ጋ የሆነ ሳይክል ቁልቁለት ላይ አንድ ዋት-አወር እንኳ አይመልስም። ፔዳል ስታቆሙ የኋላ ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል። ካቴናው ቆሟል። ሞተሩ ጎማው መዞሩንም አያውቅ። ጎማ መሀል ካሉትም ብዙዎቹ ውስጣቸው ማርሽና በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ ክላች ስላላቸው እንደዚያው ናቸው። እንደ ዲናሞ ሆኖ መመለስ የሚችለው ማርሽ የሌለው ትልቁና ከባዱ ሞተር ነው፣ እሱም መቆጣጠሪያው እንዲመልስ ተደርጎ ከተሠራ። ቢመልስም ጥቂት ነው፤ ነፋሱና ጎማው ድርሻቸውን ቀድመው ይወስዳሉ። ደግሞ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ደሴ ላይ መቶ ሞልታችሁ ከተነሳችሁ ያ የሚመለሰው የት ይገባል? የሞላ ባትሪ አይቀበልም።

ታዲያ ያ 163 ዋት-አወር ስትወርዱ የት ይሄዳል? ነፋስና ጎማ ያልበሉት በሙሉ ፍሬናችሁ ላይ ሙቀት ይሆናል። ይህ የባትሪ ጉዳይ አይደለም ግን ዝም ብል ይከነክነኛል። የኤሌክትሪክ ሳይክል 25 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ቆንጥጣችሁ አትውረዱ። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ። ከሚሌና ከባቲ በኩል ወደ ደሴ የሚመጣው ከባድ መኪናም በዚያው ጠመዝማዛ ነው የሚወጣው። ጉም ሲወርድ ደግሞ ከፊታችሁ ያለውን አህያ እንኳ አታዩም።

አገልግሉን እስካሁን ጎትቼዋለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ይበጠሳል። አገልግል ጠርጋችሁ ብትበሉት ምንም አይሆንም። ሊቲየም ባትሪ ግን ሙልጭ አድርጋችሁ ጨርሳችሁ እንዲያው ብታስቀምጡት ይሞታል። ወር ሙሉ የማትነዱት ከሆነ ግማሽ አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ዕድሜ ሲገፋም አገልግሉ ራሱ ይጠብባል፤ ሙሉ ነው ይላችኋል፣ ግን ሙሉው እንደ ድሮው አይደለም። የኅዳር ጠዋት የደሴ ብርድም ይቀንስበታል። ሳይክሉ ውጭ ካደረ ባትሪውን ነቅላችሁ ቤት አስገቡት። ከፍታው ግን ሞተሩን አያሳስበውም፣ አየር አይተነፍስምና። የሚደክመው ሰውዬው ነው።

ሌላ የሚያናድደኝ የውሸት ጽሑፍ ነው። አንድ ባትሪ «48 ቮልት 20 አምፒር» ተብሎ ተለጥፎበት መጣልኝ። በሒሳብ 960 ዋት-አወር መሆን አለበት። ሽፋኑን ስከፍት ውስጡ 52 ሴል፣ ማለትም 52 ትንንሽ ባትሪ ነው። 13ቱ በተከታታይ ተበይደዋል፣ 4ቱ ጎን ለጎን። እያንዳንዷ ሴል 2 አምፒር-አወር። አራት ጊዜ ሁለት ስምንት። 20 የተባለው 8 ሆነ። 400 ዋት-አወር እንኳ አይሞላም። ቀሪው ቦታ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል።

መፍታት የማይችል ሰው ይመዝን። የዚህ ዓይነቷ ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ናት። በጣም ጥሩ በሚባለው ሴል ቢሠራ እንኳ 960 ዋት-አወር ባትሪ ከነሽፋኑ ከ4 ኪሎ በታች አይወርድም። ሻጩ 960 እያለ እጃችሁ ላይ እንደ ሦስት ኪሎ ስኳር ከቀለለ መርቃችሁት ሳትገዙ ሂዱ። በማይገጥም ቻርጀርም አትሙሉ። ሶኬቱ ስለገባ ልክ ነው ማለት አይደለም። ቮልቱ ቻርጀሩ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ተኝታችሁ አትሙሉ፣ አልጋ ሥርም አትሙሉ።

«ዘመድ ከዱባይ ይዞልኝ ይመጣል» ለምትሉም፣ ሳይክሉን ይዞ ይመጣ ይሆናል፣ ባትሪውን ግን አይችልም። መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ከ100 ዋት-አወር በላይ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ በሻንጣም በእጅም አይሳፈርም። የሳይክል ባትሪ ደግሞ ከዚያ ሦስት እጥፍ ነው። ኤርፖርት ላይ ሲቀማ ከምታለቅሱ ቀድማችሁ እወቁ።

እኔ ለደሴ የምመርጠው? ሞተሩ ፔዳሉ ጋ የሆነ፣ ባትሪው ከ500 እስከ 630፣ ፍሬኑ የዘይት፣ ዲስኩ ሰፊ። 900 ለምን አይሆንም ትሉኛላችሁ። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ሲያልቅ ደግሞ ገፍታችሁ የምታወጡት እናንተው ናችሁ። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ልትመለሱ ከሆነ ቻርጀሩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ለ36 ቮልት ባትሪ የተሠራው ተራው 2 አምፒር ቻርጀር በሰዓት 80 ዋት-አወር ያህል ይሞላል። ያ ፔዳል ሳትመቱ ደሴ ለመድረስ ከሚያስፈልገው 400 አንድ አምስተኛው ነው። ምሳ ቤቱ ሶኬት ካለው ሰዓታችሁን አስልታችሁ እዘዙ።