ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መጠየቅ፦ ወደ ኬንያ ማሳደጊያ ቤቶች ለምትሄዱ ወገኖች

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ያዕቆብ 1፥27 በእግዚአብሔር አብ ዘንድ ንጹሕ የሆነው አምልኮ ወላጆች የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው «መጠየቅ» እንደሆነ ይናገራል። በአማርኛችን መጠየቅ ሁለት ነገር ነው። የታመመን እንጠይቃለን፣ የታሰረን እንጠይቃለን። ያላወቅነውንም እንጠይቃለን። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተነሥተው በኬንያ ማሳደጊያ ቤት ጥቂት ሳምንታት ለማገልገል የሚሄዱ ወገኖች የመጀመሪያውን መጠየቅ ይዘው ይጓዛሉ። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ያጣል፤ ጥፋቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መጠየቅ የሚጀምረው ትኬት ከመቆረጡ በፊት ነው። ቤቱ ተመዝግቧል ወይ? ልጆቹ ለምን እዚያ ገቡ? ዘመዶቻቸውን የሚያፈላልግ ሰው አለ ወይ? ማሳደጊያ ቤት ከሚያድጉ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ወደዚያ ያመጣቸው ድህነት፣ በሽታ ወይም የትምህርት ቤት ወጪ ነው። ኬንያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 እስከ 2032 በሚዘልቅ ስትራቴጂ ልጆችን ከማሳደጊያ ወደ ቤተሰብና ወደ ዘመድ ለመመለስ አቅዳለች። ስለዚህ «ዘንድሮ ስንት ልጅ ጨመራችሁ?» ሳይሆን «ስንቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ የፖሊስ ማስረጃና የምስክር ደብዳቤ የማይፈልግ ቤት ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ። እናንተን ሳያጣራ ያስገባ በር ተኩላንም ያስገባል። ደመወዝ የሌለው አገልግሎት በኢሚግሬሽን ዓይን ሥራ ስለሆነ ፈቃዱም አስቀድሞ ይውጣ፤ በጎብኚነት ገብቶ «የጌታ ሥራ ነው» ማለት አያዋጣም፣ ቤቱንም ያስቀጣል።

ዘጸአት ምዕራፍ 2ን ከዚህ አንጻር አንብቡት። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከውኃ አወጣችው፣ አለቀሰ፣ ራራችለት። የሕፃኑ እኅት ማርያም ቀርባ «የምታጠባ ሴት ልጥራልሽ?» ብላ ጠየቀች። የተጠራችውም የገዛ እናቱ ነበረች፤ ልዕልቲቱ ለማጥባቷ ደመወዝ ቆረጠችላት። የቤተ መንግሥት ሴት ሀብት ነበራት፣ ርኅራኄም ነበራት፤ ጡቱ ግን የእናቲቱ ነበር። በማሳደጊያ ቤት የማገልገል ትምህርት ሁሉ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለናል።

ግቢ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ እቅፍ ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ሮጠው እግራችሁ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ከቡድኑ ግማሹ እዚያው ያለቅሳል። በእናቱ ጉያ ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ይደበቃል። ለማያውቀው ሰው ሁሉ እጁን የሚዘረጋ ልጅ የእኔ የሚለው ሰው ያልጸናለት ልጅ ሊሆን ይችላል። በሩማንያ ቡካሬስት በ2000 ገደማ በተጀመረ ጥናት 136 የማሳደጊያ ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ፤ ቋሚ አሳዳጊ ያገኙት፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት፣ ከሰው ጋር በመተሳሰር የተሻለ ጠነከሩ። ልጅ የሚያድገው አንድ ፊት በየቀኑ ተመልሶ ሲመጣለት ነው። እናንተ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ትሄዳላችሁ።

ታዲያ ልጁን እንግፋው? አይደለም። ሲመጣ ጎንበስ ብላችሁ በስሙ ሰላም በሉት፣ እጁን ያዙት፣ ወደ አሳዳጊው ይዛችሁት ሂዱና «ለማማ እናሳያት» በሉት። ሲወድቅና ሲያለቅስ ከመሬት አንሡት፤ የሚያባብሉት ግን ማማዎቹ፣ ማለትም የቤቱ አሳዳጊ ሴቶች፣ ይሁኑ። ሕፃን መመገብ፣ ማጠብ፣ ማስተኛት የእነርሱ ነው፤ እናንተ ድስቱን፣ ሳፋውንና መጥረጊያውን ያዙላቸው፣ ጉልበታቸው ለልጁ ይተርፍ። አየርላንዳዊቷ ሚስዮናዊት ኤሚ ካርማይክል በ1895 ወደ ሕንድ ሄዳ በዶናቩር የተጣሉ ልጆችን ስታሳድግ ልጆቹ «አማ» ይሏት ነበር፤ በታሚል ቋንቋ እናት ማለት ነው። እስከ ሞቷ እስከ 1951 ድረስ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ለሦስት ሳምንት የሄደች እህት «ማማ» በሉኝ አትበል። ኬንያ ውስጥ ልጆች እንግዳ ሴትን «አንቲ»፣ ወንዱን «አንክል» ይላሉ፤ ይበቃል።

ሰዓትን በተመለከተ ለእኛ የቀለለ ነገር አለ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ «ሳ ሞጃ» ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ማማዎቹ «ሳ ኩሚ ና ሞጃ» ሲሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለታቸው ነው። ችግሩ ያው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር በፈረንጅ አቆጣጠር መናገሩ ነውና፣ የቀጠሮ ሰዓት በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ ልብ በሉ። ጥሞናችሁን ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ 11 ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ድረሱ። ማማዎቹ ለብቻቸው እሳት ሲያያይዙ እናንተ መዝሙረ ዳዊት ይዛችሁ ብትቀመጡ ጸሎታችሁ የማን ሸክም እንደጨመረ አስቡት።

ቁርሱ ኡጂ ነው፣ ቀጭን አጥሚት በሉት። ለ40 ልጅ ሩብ ሩብ ሊትር ሲታሰብ 10 ሊትር ይሠራል። አንድ ኪሎ ያህል ዱቄት በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፤ በትልቁ ድስት፣ እነርሱ ሱፉሪያ በሚሉት፣ 8 ሊትር ሲፈላ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ዱቄቱን ደረቁን በፈላ ውኃ ላይ የነሰነሰ ሰው እስከ አንድ ሰዓት ጉብታ ሲያፈርስ ይቆያል፣ የትምህርት ቤት ሰዓትም ያልፋል። ከዚያ በትንሽ እሳት 15 እስከ 20 ደቂቃ። ኡጋሊ፣ ማለትም የእነርሱ ገንፎ፣ ሲሠራ ደግሞ ገንፎ ያገነፋ ክንድ ያስፈልጋል። የአምስት ኪሎ ዱቄት ኡጋሊን በምዊኮ፣ ማለትም በእንጨት ማማሰያው፣ ማዞር የበጎ ፈቃደኛን ትዕቢት በአሥር ደቂቃ ያወርዳል።

በቦሎቄ ላይ ቀልድ የለም። ማታ ይነከራል፣ ጠዋት የተነከረበት ውኃ ይደፋል፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ቀዩ ቦሎቄ ውስጥ ያለው መርዛማ ነገር በለብታ እሳት አይጠፋም። ከሰል ለመቆጠብ ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀስ ብሎ ይብሰል ካላችሁ በሰዓታት ውስጥ መኝታ ቤቱ በሙሉ ሲያስመልስ ያድራል።

አልጋ ላይ የሚሸኑ ልጆች በየማሳደጊያው አሉ፤ ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ጥልቅ እንቅልፍ፣ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ፍርሃት ነው። አንሶላው ሌሎቹ ልጆች ሳይነሡ ይነሣ፣ ከሌላው እጥበት ጋር ተቀላቅሎ ይሂድ፤ ለብቻው ገመድ ላይ ተሰጥቶ የልጁ ስም አይጠራበት። በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ፣ በሁለተኛው ሳፋ በሳሙና ይታጠብ፣ በሦስተኛው ይጥራ፣ ፀሐይ ላይ ይዋል። ፍራሹ የላስቲክ ልባስ ይኑረው። ኖኅ እርቃኑን ሆኖ ሳለ ሴምና ያፌት ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ እየሄዱ አልብሰውታል፤ የስድስት ዓመት ልጅን ኀፍረት በ11 ሰዓት መሸፈን ከዚያ የሚያንስ አገልግሎት አይደለም።

ትውከትና ተቅማጥ የነካውን ወለል የምታጸዱበት በረኪና ኬንያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጂክ ነው። ጥንካሬው 3.5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በስድስት እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ መጀመሪያ ቆሻሻው ይጠረጋል፣ ከዚያ ይፈሳል፣ 10 ደቂቃ ይቆያል። ከትናንት የተረፈው ኃይሉን ስላጣ ይደፋ። ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የታሸገ ኦ.አር.ኤስ. (በውኃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ዱቄት) ከጠፋ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ያበዛ ሰው ልጁን ይጎዳል፤ «በዓይን ግምት» የሚባለው ሙያ እዚህ ላይ ይቅር። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ደም የቀላቀለ ልጅ ወዲያው ክሊኒክ ይሂድ። በመንገድ ላይ ጸልዩለት፣ መኪናውን ግን አታዘግዩት።

እከክ ሲገባ የሚሠራው ስሕተት ሁሌም አንድ ነው፤ የሚያክከው ልጅ ብቻ ይታከማል። ነርሷ 5 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለውን ቅባት ካዘዙ መኝታ ክፍሉን የሚጋሩት በሙሉ በአንድ ምሽት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ይቀቡ፣ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆይ፣ ከሳምንት በኋላ ይደገም። አንሶላና ልብስ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ይታጠባል። እናንተም ትቀባላችሁ። ከቤት ያመጣችሁትን መድኃኒት ግን ለማንም አትስጡ። በሰዓቱ ክኒን የሚውጥ ልጅ ካያችሁ ምን እንደሆነ ልጁንም ጓደኛውንም አትጠይቁ።

መጠየቅ የሌለበት ቦታም አለና እንዲህ ነው። «እናትህ የት ናት?» «እንዴት መጣህ?» ብሎ ልጅን መጠየቅ ቁስል መነካካት ነው፤ በየወሩ በመጣ ቡድን ፊት ታሪኩን የሚደግም ልጅ ታሪኩ ገንዘቡ እንደሆነ ይማራል። ራሱ ከነገራችሁ ስሙት። ጥቃት ደርሶበት ከሆነ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ አትመርምሩትም። በዚያው ቀን በተናገረው ቃል ጽፋችሁ ለቤቱ የሕፃናት ጥበቃ ኃላፊ ስጡ፤ የተከሰሰው የቤቱ ሰው ከሆነ በኬንያ የሕፃናት የስልክ መስመር 116 ደውሉ። ከልጅ ጋር በተዘጋ በር አትቀመጡ፤ ይህ ስለ ልጁም ስለ ስማችሁም ነው። ፎቶውን ከነስሙ በፌስቡክ መለጠፍ ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው።

የማታው ጸሎት የማማዎቹ ነው። ተራ ከሰጧችሁ ለትንንሾቹ ከ15 ደቂቃ አይለፍ። «እግዚአብሔር እንደ አባትህ ይወድሃል» ከማለታችሁ በፊት አባት የሚለው ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ለማን ዱላ፣ ለማን ባዶ ወንበር እንደሆነ አስቡ። እግዚአብሔር ምን እንዳደረገ ተርኩ፤ እረኛው በጉን ፈለገ፣ አጋርን በምድረ በዳ አያት። «ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሣ» ማለትም ይቅርባችሁ። በሐምሌ ለመጣው ቡድን እጁን ያነሣ ልጅ በነሐሴ ለሚመጣውም ያነሣል፣ ሪፖርታችሁም ላይ ሁለት ነፍስ ሆኖ ይመዘገባል። እንግዳን ማስደሰት የለመደ ልጅ እሺታው እምነት ነው ወይስ መስተንግዶ፣ መለየት የሚችሉት አብረውት የሚኖሩት ናቸው።

ስጦታ ለቢሮ ይሰጥ እንጂ ከእጅ ወደ ልጅ እጅ አይሂድ። አንድ ኳስ ለአንድ ልጅ ከሰጣችሁ ማታ ሊደባደቡበት ይችላሉ፣ ጠቡንም ማማዎቹ ይዳኛሉ። ለቡድኑ ሁሉ ከሚወጣው የአውሮፕላን ትኬት ጎን ለአንዲት ማማ ዓመታዊ ደመወዝ መዋጮ ብታሰባስቡ የፈርዖን ልጅ የሠራችውን ሠራችሁ። ብሪስቶል ውስጥ በ1836 ማሳደጊያ የከፈተው ጆርጅ ሙለር የጸሎት ሰው ሆኖ እንደታወቀ ሁሉ ሒሳቡንም በየዓመቱ ያሳትም ነበርና፣ የሰጣችሁት ምን እንደሆነበት መጠየቅ አለማመን አይደለም።

የምትሄዱበትን ቀን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ልጆቹ ይወቁት፤ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላችሁ በየማታው አንድ ቀን አብራችሁ ሰርዙ። ልጆች ተኝተው ሳሉ በሌሊት ሹልክ ማለት ለሚያለቅሱት ሳይሆን ለራሳችሁ የተደረገ ርኅራኄ ነው። «እመለሳለሁ» አትበሉ፣ የስልክ ቁጥርም አትስጡ። ቁርስ ከተበላ በኋላ በቀን ብርሃን፣ ማማዎቹ ትንንሾቹን ታቅፈው በቆሙበት፣ እያንዳንዱን በስሙ ተሰናበቱ። እንባችሁ ከመጣ ለመኪናው አቆዩት። ከዚያ በፊት ግን የተኛችሁበትን አንሶላ ገፍፋችሁ እጠቡ፣ አጎበሩን አጣጥፉ፣ ሳፋዎቹን ደፍታችሁ በቦታቸው አስቀምጡ።