ከባድ ክብደት አንስቶ ከፍ ብሎ መዝለል፦ ነገሩ እንዴት ነው?

ከባድ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ የሠራ ሰው ወዲያው ከፍ ብሎ ይዘላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እግሩ ዝሎ የለ እንዴ! ግን "ወዲያው" የምትለዋን ቃል ካወጣናት ነገሩ እውነትነት አለው።

ከባድ ክብደት ጡንቻ ላይ ሁለት ነገር ትቶ ይሄዳል። አንዱ ድካም ነው። ሌላው መነቃቃት ነው፤ ጡንቻው ይሞቃል፣ ለሚመጣው ትእዛዝም ፈጠን ብሎና በርትቶ ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ ድካሙ ያይላል። ደግነቱ ቶሎ የሚለቀው እሱ ነው። ድካሙ ለቆ መነቃቃቱ ሳይጠፋ ያለችው ክፍተት ናት የምትፈለገው።

አንዲት የዝላይ ተወዳዳሪ አንዴ ብቻ ማንሳት ከምትችለው ክብደት 85 በመቶ ያህሉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብድግ አለች እንበል። በ30 ሰከንድ ውስጥ ብትዘል ከወትሮው ዝቅ ልትል ትችላለች። ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አረፍ ብላ ብትዘል ግን አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ልትጨምር ትችላለች። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ተአምር አትጠብቁ።

ሰዓቷ ደግሞ ለሁሉም አንድ አይደለችም። ለዓመታት ክብደት የሠራ ሰው ቶሎ ያገግማል፣ ጥቅሙም ይጎላል። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ድካሙ ነው። ስለዚህ በልምምድ ቀን አንዴ 4፣ አንዴ 6፣ አንዴ 8 ደቂቃ እያረፉ ዝላዩን መለካት ነው። በውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር፣ በእኔ እምነት፣ ቁማር ነው። 90 ደቂቃ ለሚሮጥ ኳስ ተጫዋች ደግሞ ብዙም አይዘልቅለትም፤ ጨዋታው ሳይጋመስ መነቃቃቱ ጠፍቷል።