ስንቅ በአህያ፣ አመል በጉያ

በጥምቀት ማግስት ከሰፈር ሰዎች ጋር ጎርጎራ ልንሄድ ተቀጣጠርን። አስተባባሪው ቴሌግራም ላይ «ስንቅ በአህያ አመል በጉያ ነውና ምሳችሁን እንዳትረሱ» ብሎ ለጠፈ። ምሳ! ተረቱ የተተረተው ለምሳ መሰለው።

እኔ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ይሉኛል። የወገራ ገበሬ ነበሩ። በ1928ቱ የጣሊያን ጦርነት ከየአገሩ የዘመተው ባላገር አብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ነው የያዘው። ወገራ ደግሞ የገብስ አገር ነው። ገብሱ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ በሶ ይሆንና ስልቻ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይጨመርበታል። ከዚያ አህያዋ ትጫናለች። ልጅ ሳለሁ አያቴ በጋቢያቸው ጉያ ሸጉጠውኝ በሶ እየበጠበጡ ያጠጡኝ ነበር። ጉያ ማለት ለእኔ እዚያ ነው። ሞቃት፣ ጨለም ያለ፣ ምንም የማይወድቅበት።

አባባሉ የሲራራ ነጋዴ ነው የሚሉ አሉ። እንደኔ እንደኔ የወጣው ከዘማች አፍ ነው። ነጋዴ ከአህያው አይለይም፤ ሀብቱ እሷው ላይ ናት። ዘማች ግን ይለያል። ሊማሊሞን በእግሩ የወጣ ሰው ጓዝ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚቀር ያውቃል። ጥይት ሲጮህ ደግሞ አህያዋ ከነስንቋ ደንብራ ገደል ትገባለች። ያን ጊዜ ከሰውዬው ጋር የሚቀረው በጉያው ያለው ብቻ ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ የምጠራው አያቴን ነው።

እሳቸው በአርበኝነት ቆይተው፣ የጣሊያኑ ጀኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ስለ ውጊያው ብዙም አያወሩም ነበር። ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጓዳቸውን ነው። ሌሊት ሌሊት ተደብቆ በሶ ይቅም ነበር አሉ። ሁሉም ይሰማዋል። አንድም ሰው ግን ቃል አልተነፈሰም። «ብንናገረው ጠዋት አብረን አንተኩስም» ይሉ ነበር። ለእኔ አመልን በጉያ መያዝ ይኼ ነው፤ የራስን ብቻ ሳይሆን የሰውንም አመል ሸሽጎ መሄድ።

አሁን ግን የስብሰባና የሽርሽር ማስታወቂያ ማሟሻ አድርገነዋል። ግማሹን ቆርጠው «ስንቅ በአህያ» ብቻ የሚሉም አሉ፣ ዋናውን ጥለው!

ወደ ጎርጎራ ስንሄድ ምሳ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ሚኒባሱ አዘዞን ሳያልፍ ግን ሁለት ሰዎች በመስኮት ወንበር ተጣልተው ተኳረፉ። አንደኛው ያው ማስታወቂያውን የለጠፈው ነው።