መቀነስ፣ መልሶ መጠቀምና መልሶ ማምረት ምንድን ነው? ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችስ እንዴት እናስተምረው?

ልጆች ስለ ቆሻሻ በመጀመሪያ የሚሰሙት ትእዛዝ «ቅርጫት ውስጥ ጣሉ» የሚል ነው። ትእዛዙ መልካም ነው። ትምህርቱ እዚያ ላይ ካበቃ ግን ልጁ ቅርጫት ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ከዓለም የጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም፤ ወይ ይቀበራል፣ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ሜዳ ላይ ይከመራል፣ ወይ በጎርፍና በወንዝ ተወስዶ ባሕር ይገባል፣ ዕድል ከገጠመው ደግሞ ተለይቶ ለሌላ ዕቃ መሥሪያ ይውላል። መቀነስ፣ መልሶ መጠቀምና መልሶ ማምረት የሚባሉት ሦስት ተግባራት አንድ ዕቃ ቅርጫት ጋ ከመድረሱ በፊትና ከደረሰ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳያሉ።

መቀነስ ቆሻሻው ከመጀመሪያውም እንዳይፈጠር ማድረግ ነው፦ የማያስፈልገውን አለመግዛት፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ሳህን ላይ ማውጣት፣ ወረቀትን በሁለቱም ገጽ መጻፍ። መልሶ መጠቀም ደግሞ ዕቃው እንዳለ ሆኖ እንደገና እንዲያገለግል ማድረግ ነው፤ ጠርሙሱን አጥቦ ሌላ ነገር መያዝ፣ ያጠረውን ልብስ ለታናሽ ማስተላለፍ፣ የተሰበረውን መጫወቻ መጠገን ከዚህ ይመደባሉ። መልሶ ማምረት፣ በብዙዎች አጠራር ሪሳይክል ማድረግ፣ ዕቃው ፈርሶ ጥሬ ዕቃ ከሆነ በኋላ አዲስ ዕቃ ሲሠራበት ነው። ጣሳ ቀልጦ ጣሳ ይሆናል፤ ወረቀት ተበጥብጦ ወረቀት ይሆናል።

በብዙ የመማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ሦስቱ ቃላት እኩል ተደርገው ይለጠፋሉ። እኩል ግን አይደሉም፤ ደረጃ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቆሻሻ መመሪያ ይህን ደረጃ በሕግ አስቀምጦታል፦ በመጀመሪያ ቆሻሻ እንዳይፈጠር መከላከል፣ ቀጥሎ ዕቃውን ለዳግም አገልግሎት ማዘጋጀት፣ ከዚያ መልሶ ማምረት፣ ከዚያ ኃይል ማመንጨትን የመሰለ ሌላ ጥቅም ማውጣት፣ ምንም አማራጭ ሲጠፋ መጣል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ። ልጆችን ከሁሉ አስቀድመን ማስተማር ያለብን ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስቱን ቃላት በቃሉ የሚወጣ፣ የትኛው እንደሚቀድም ግን ያልተነገረው ልጅ በየቀኑ አዲስ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየያዘ «ግድ የለም፣ መልሶ ይመረታል» ብሎ ይጽናናል። የምናየው የትምህርት ውጤት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ልጆች ቅደም ተከተሉን በትእዛዝ ብቻ አይቀበሉትም፤ ምክንያቱን ማየት ይፈልጋሉ። ምክንያቱም በየዕቃው ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። አሉሚኒየምን እንውሰድ። ከማዕድኑ ከባውክሳይት ለማውጣት እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ያገለገለ ጣሳ አቅልጦ መሥራት ግን ከዚህ ኃይል 95 በመቶ ያህሉን ያድናል። ደግሞ ደጋግሞ ቢቀልጥም ጥራቱን አያጣም። የጠርሙስ መስታወትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መልሶ ማምረት የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ለአሉሚኒየም ትልቅ ጥቅም አለው።

ወረቀት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ወረቀት ከእንጨት በተገኘ ጥቃቅን ቃጫ የተሠራ በመሆኑ በተበጠበጠ ቁጥር ቃጫው ያጥራል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ እርስ በርሱ ተያይዞ ወረቀት የመሆን አቅም ያጣል። ይህን ለልጆች በቃል ማስረዳት አያስፈልግም። ወረቀት ቀዳችሁ የተቀደደውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አዙራችሁ አሳዩአቸው፤ ፀጉር የመሰሉት ጭረቶች ወጥተው ይታያሉ። ከዚያ ራሳቸው ወረቀት ይሥሩ። ያገለገለ ወረቀት በትንንሹ ይቅደዱ፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ በሚገባ ይምቱትና እንደ አጥሚት ሲቀጥን በወንፊት ያንሡት፣ በጨርቅ ተጭነው ውኃውን ያውጡ፣ ያድርቁት። የሚወጣው ወረቀት ወፍራም፣ ሻካራና ግራጫ ይሆናል። «ለምን እንደ አዲሱ ነጭና ለስላሳ አልሆነም?» ብለው ሲጠይቁ የዕለቱ ትምህርት በራሱ መጣ ማለት ነው። ከድብልቁ ጥቂቱን በሌላ ዕቃ ቀንሳችሁ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ዘይቱ ከቃጫው ጋር ተጣብቆ አልለቅ ሲል ያዩ ልጆች፣ ቅባት የነካው ወረቀት ከንጹሑ ጋር ለምን እንደማይቀላቀል ዳግመኛ መንገር አያስፈልጋቸውም።

የፕላስቲክ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ለልጆችም መደበቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ1950 እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ 8.3 ቢሊዮን ቶን ያህል ፕላስቲክ እንደተመረተ፣ ከዚህም 6.3 ቢሊዮን ቶን ያህሉ ቆሻሻ እንደሆነ አስልቷል። ቢሊዮን ቶን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም። ስለዚህ 100 የጠርሙስ ክዳን ሰብስባችሁ ወለል ላይ አስቀምጡ። ክዳኖቹ ቆሻሻ የሆነውን ፕላስቲክ ሁሉ ይወክላሉ። ዘጠኙን ወደ አንድ ጥግ አምጡ፤ ያ መልሶ የተመረተው ነው። 12ቱን ወደ ሌላ ጥግ ውሰዱ፤ ያ የተቃጠለው ነው። በመካከል የቀሩት 79 ክዳኖች የተቀበረውና በየሜዳው፣ በየወንዙ፣ በየባሕሩ የቀረው ናቸው። ሕፃናቱ ያንን ክምር ራሳቸው ሲቆጥሩት፣ ከሦስቱ ቃላት መቀነስ ለምን እንደሚቀድም ራሳቸው ይናገራሉ።

ፕላስቲክ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መግለጥ ይገባል። የመልሶ ማምረት ምልክት የሆኑት፣ እርስ በርስ የሚከታተሉት ሦስት ቀስቶች እ.ኤ.አ. በ1970 የተነደፉ ናቸው፤ ነዳፊው ጋሪ አንደርሰን የተባለ የ23 ዓመት ተማሪ ነበር፣ ምልክቱንም ያቀረበው ለአንድ የካርቶን ኩባንያ ውድድር ነው። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ከአንድ ተማሪ እጅ መውጣቱ ያበረታታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ግን የፕላስቲክ አምራቾች ማኅበር ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ወስዶ በውስጡ ከ1 እስከ 7 ቁጥር አኖረበት። ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። 1 ቁጥር የመጠጥ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ነው፤ 6 ቁጥር ፎም የሚሠራበት ፖሊስታይሪን ነው፤ 7 ቁጥር «ሌላ» ማለት ነው። ምልክቱ መኖሩ ዕቃው መልሶ ይመረታል የሚል ተስፋ አይሰጥም፤ ያ የሚወሰነው በአካባቢው ዕቃውን የሚሰበስብና የሚያቀልጥ ድርጅት መኖር አለመኖሩ ላይ ነው። ብዙ አዋቂዎች ይህን አያውቁም። ልጆች ከቤታቸው ዕቃ ሥር ቁጥሩን ፈልገው እንዲመዘግቡ ማድረግ ቀላል የቤት ሥራ ነው፤ ወላጆችም አብረው ይማሩበታል።

ቀጥሎ የምለው አንዳንድ መምህራንን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። መልሶ መጠቀምን ለማስተማር ልጆችን ከጠርሙስ አበባ፣ ከካርቶን ሮቦት ማሠራት የተለመደ ነው። እጅን ማፍታታቱና ደስታው አያከራክርም። ነገር ግን ለትምህርቱ ሲባል አዲስ ጠርሙስ ተገዝቶ ከመጣ፣ ቀለምና ሙጫ ከተቀባ፣ ከኤግዚቢሽኑ ማግስትም ከተጣለ፣ ቆሻሻው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ቀለምና ሙጫ የነካው ፕላስቲክ መልሶ ለመመረትም ይበልጥ ያስቸግራል። መለኪያው አንድ ነው፦ የሠሩት ነገር ሌላ ዕቃ መግዛትን አስቀርቷል ወይ? ጣሳው የእርሳስ ማስቀመጫ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ካገለገለ መልሶ መጠቀም ነው። የመጽሐፍ ልባስ ከአሮጌ ወረቀት መሥራት፣ የተቀደደ ቦርሳ መስፋት፣ የክፍል መማሪያ መጻሕፍትን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ በንጽሕና ማስረከብ ከማናቸውም የወረቀት ሮቦት ይበልጣሉ።

መልሶ መጠቀም ከልጆች ክብር ጋርም ይያያዛል። በየክፍሉ የታላቁን ልብስ የሚለብስ፣ በሌላ ሰው ያገለገለ ቦርሳ የሚይዝ ልጅ አለ። ብዙ ጊዜ የሚያደርገው በችግር ነው፤ ሊያፍርበትም ይችላል። ትምህርቱ በጥንቃቄ ከቀረበ የዚያ ልጅ ቤተሰብ ሌሎች ገና የሚማሩትን ሥራ ሲሠራ የኖረ መሆኑን ክፍሉ ያያል። ስሙን ጠርቶ ምሳሌ ማድረግ ግን አይገባም፤ ምስጋናውም ቢሆን ያሸማቅቃል። በብዙ አገሮች ፕላስቲክና ብረት ከቆሻሻ ለይተው የሚሸጡ ሰዎች ለመልሶ ማምረት ከሚውለው ዕቃ ከፍተኛውን ድርሻ ይሰበስባሉ። ልጆች እነዚህን ሰዎች በአክብሮት እንዲያዩ፣ ጠርሙሱን አለቅልቀው፣ የተሰበረ መስታወትም ከሌላው ቆሻሻ ለይተውና ጠቅልለው እንዲሰጡ ማስተማር የሥነ ምግባር ትምህርትም ነው።

ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ትልቁ ድርሻ ፕላስቲክ አለመሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2016 የዓለም ሕዝብ 2.01 ቢሊዮን ቶን ደረቅ ቆሻሻ አውጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 44 በመቶው የምግብና የዕፅዋት ተረፈ ምርት ነው። ልጣጭ በራሱ ይበሰብሳል፣ ምን ያስጨንቃል የሚል ልጅ ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ልጣጩ ከፕላስቲክ ጋር ታፍኖ አየር በማይገባበት ክምር ሥር ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህም በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ነው። አየር እያገኘ በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ሲበሰብስ ግን ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል። በግቢው ጥግ የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የጥጥ ጨርቅና የፕላስቲክ ከረጢት ቁራጭ ጎን ለጎን ቅበሩ፤ በየቦታው ምልክት አቁሙ፤ አፈሩ እርጥበት እንዳያጣ አድርጉ። ከመቅበራችሁ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚሆን ግምቱን ይጻፍ። ከአንድ ወር፣ ከዚያም ከሁለት ወር በኋላ ቆፍራችሁ እዩ። ፕላስቲኩ እንደተቀበረ ይወጣል።

የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች በመዳሰስ፣ በመለየትና በመቅበር ይማራሉ፤ ቁጥሩ አያስፈልጋቸውም። የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ደግሞ ማስላት፣ ግራፍ መሥራትና መከራከር ይችላሉ። ለእነዚህ ከሁሉ የተሻለው ሥራ የክፍሉን ቆሻሻ መመዘን ነው። የሳምንቱን ቆሻሻ በላስቲክ ላይ ዘርግተው፣ ጓንት አድርገው፣ በዓይነት ይለዩትና ይመዝኑት። መምህሩ አስቀድሞ መስታወት፣ ምላጭ፣ ባትሪና መድኃኒት መኖሩን አይቶ ማውጣት አለበት፤ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ በምንም መልኩ አይነካም። ከዚያ ልጆቹ እየለዩ ካስቀመጡት ክምር ፊት ቆመው በየዕቃው ሦስት ጥያቄ በተርታ ይጠይቁ፦ ይህ ባይመጣ ይቻል ነበር? እንደገና ያገለግላል? ካልሆነስ የሚቀበለውና የሚያቀልጠው አለ? የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ሁለተኛው አይታለፍ።

ከምዘናው በኋላ ክፍሉ አንድ ነገር ብቻ መርጦ ለመቀነስ ይስማማ፤ አሥር ነገር ከመረጠ አንዱንም አይፈጽምም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ምዘና ይድገሙት። የመረጡት ክምር ከቀነሰ በግራፍ ይለጥፉት። ካልቀነሰ ጥፋቱን በልጆች ላይ አትጫኑ፤ ብዙው ማሸጊያ በእነርሱ ምርጫ የመጣ አይደለምና። ይልቁንም የትኛው ዕቃ እንዳልቀነሰና ማን እንደሚያመጣው ይለዩ፤ ከዚያም ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ወይም ለምግብ ቤቱ ኃላፊ የተመዘነውን ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ጽፈው በእጃቸው ያድርሱ።