ባሕር የሌላት ወሎ ስለ ባሕር አሸዋ ምን አገባት? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወሎ ባሕር የላትም። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ ግን ለዘመናት የብዙ ወሎዬ እንጀራ ነበር። ዛሬ ደግሞ ባሕሩ በስልክ ይመጣል። ቲክቶክ ላይ በቦርድ ማዕበል የሚጋልቡ ወጣቶች፣ ሰርፈር የሚባሉትን፣ እናያለን። ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ ይበልጥ ያስገርማል። ወፍራም ቱቦ ከባሕር ሥር የተመጠጠ አሸዋ ዳርቻው ላይ ሲተፋ ያሳያል። «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ተርፏቸዋል!» ይላል ሻይ ቤቱ። እኛ ጋ አሸዋ በቢያጆ ይሸጣላ!

ገንዘብ ተርፏቸው አይደለም። የባሕር ዳርቻ ሲሸረሸር ቤትና መንገድ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አሸዋ ይሞላሉ። ያ አሸዋ ደግሞ ሰርፈሮቹ የሚጋልቡትን ማዕበል ይለውጠዋል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

«ማዕበል የሚያስነሳው ንፋስ ነው፤ አሸዋው ምን አገባው?»

ግማሹ ልክ ነው። ማዕበሉን ንፋስ ያስነሳዋል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከዳርቻው እጅግ ርቆ፣ ክፍት ባሕር ላይ። የሐይቅ ከተማው ሐይቃችን ለሰርፊንግ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ንፋሱ ቢበረታም የሚሮጥበት ሜዳ አጭር ነው።

ማዕበሉ የት እና እንዴት እንደሚሰበር የሚወስነው ግን ከሥሩ ያለው መሬት ነው። በግርድፉ ሲሰላ፣ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል የሚሰበረው ወደ 1.3 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ ሲደርስ ነው። ከሥር ያለው አሸዋ በሰያፍ ከተቆለለ ማዕበሉ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተራ ይሰበራል። ሰርፈሩ ገና ያልተሰበረውን ክፍል እየተከተለ ይጋልባል። አሸዋው ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ወጥ ከተደለደለ ግን ማዕበሉ በሙሉ በአንዴ ዷ ይላል። መጋለብ የለም፤ መገልበጥ ብቻ።

«አሸዋ መሙላት ማዕበል ይገድላል»

ሌላው ደግሞ «አይ፣ ያሻሽላል» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው፤ የሚገርመው ማስረጃቸው ከአንድ ቦታ መምጣቱ ነው።

ቦታው የአውስትራሊያው ጎልድ ኮስት ነው። እዚያ በአማካይ ወደ 500,000 ሜትር ኩብ አሸዋ በየዓመቱ በባሕሩ ጠርዝ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ማንም አይገፋውም፤ በሰያፍ የሚመጣው ማዕበል ራሱ ይነዳዋል። በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ ጀልባዎች በደህና እንዲገቡ ተብሎ የትዊድ ወንዝ አፍ ላይ የነበሩት የድንጋይ ግንቦች ተራዘሙ። አሸዋው ከግንቡ በስተደቡብ ታገደ። በሰሜን ያሉት ዳርቻዎች ተራቡ። በ1967 ተከታታይ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ዳርቻው ክፉኛ ተበላ።

መፍትሔው የመጣው በ2001 ነው። የታገደውን አሸዋ ከወንዙ በታች በቱቦ አሻግሮ ሰሜን ላይ የሚተፋ ቋሚ ፓምፕ ሥራ ጀመረ። አሸዋው ስናፐር ሮክስ ከተባለው ቦታ ጀምሮ ረጅም ደለል ሠራ። ሰርፈሮች «ሱፐርባንክ» አሉት። በጥሩ ቀን አንድ ማዕበል ላይ ተቁሞ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ሊጋለብበት ይችላል። በዓለም ከታወቁት የሰርፊንግ ቦታዎች አንዱ በሰው እጅ ተፈጠረ ማለት ነው።

ጥቂት ወረድ ብሎ ደግሞ ኪራ የሚባል ሌላ የሰርፊንግ ቦታ አለ። ኪራ ከዚያ በፊት በቱቦ ቅርጽ በሚጠቀለል ማዕበሉ ዝነኛ ነበር። ያው አሸዋ መጥቶ ቀበረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከማቸውን ለማካካስ ብዙ ስለተገፋ ዳርቻው ሰፋ፣ ማዕበሉ ግን ለዓመታት ጠፋ። መጠኑ ሲቀነስ ቀስ በቀስ ማገገም ጀመረ። ስለዚህ «ይገድላል ወይስ ያሻሽላል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያዋጣም። ስንት አሸዋ፣ የት፣ በምን ፍጥነት ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

«በዓመቱ ከታጠበ ገንዘቡ ውሃ በላው»

የተሞላ ዳርቻ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይኖረዋል። ማሽን ነዋ የደለደለው። በዚህ ወቅት ማዕበሉ ከእግር ሥር ይሰበራል፤ ለሰርፈር አይሆንም፣ ለዋናተኛም አንገት የሚሰብር አደጋ አለው። ከዚያ ባሕሩ ራሱ ያስተካክለዋል። የአሸዋው ትልቅ ክፍል ወደ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከላይ ለሚያይ ጠፍቷል። ከሥር ግን ማዕበሉን ራቅ ብሎ የሚሰብር ደለል ሆኗል፤ የዳርቻውም መከላከያ እሱ ነው።

ሆላንዶች ይህን አውቀው በ2011 ሄግ ከተማ አቅራቢያ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ በአንድ ቦታ ከመሩት። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ ቢሰላ ከ1.3 ሚሊዮን ቢያጆ በላይ ነው። የከመሩት እንዲቆም አይደለም፤ ማዕበልና ንፋስ በዓመታት ውስጥ ወስደው ለጎረቤት ዳርቻዎች እንዲያከፋፍሉት ነው። ብልህ ናቸው።

«በረሃ ሙሉ አሸዋ እያለ ከባሕር መምጠጥ ለምን?»

ይህን ጥያቄ ከዱባይ የተመለሱ ልጆች ደጋግመው ያነሱታል። ዱባይ የዘንባባ ቅርጽ ያለውን ደሴት የሠራችው ከባሕር ሥር በተመጠጠ አሸዋ እንጂ በበረሃዋ አሸዋ አይደለም። የበረሃ አሸዋ በንፋስ የተፈተገ፣ ደቃቅና ክብ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲደፋ አይጠቀጠቅም። ለዳርቻም የቅንጣቱ መጠን ወሳኝ ነው። ሻካራ አሸዋ ቀጥ ያለ ዳርቻ ይሠራል፣ ደቃቁ ደግሞ ዝርግ። ከነበረው ጋር የማይመሳሰል አሸዋ ከተደፋ ማዕበሉም ጠባዩን ይቀይራል።

«ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?»

የቦርከና እና የሚሌ ውሃ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከምሥራቅ ወሎ የታጠበ አሸዋ እንግዲህ የትም ዳርቻ አይደርስም።

በሽሎ ግን ሌላ ነው። አባይ ይገባል። የናይልን ደለል በብዛት የሚሰጡት የኢትዮጵያ ደጋዎች ናቸው፤ የግብፅን ዴልታ የገነባውም ያ ደለል ነው። በ1970 የተጠናቀቀው ትልቁ የአስዋን ግድብ ያንን መንገድ ዘጋው። ናይል ባሕር የሚገባበት የረሺድ ዳርቻም በባሕር እየተበላ ወደ ኋላ ሸሸ። ከወሎ ገደል የተነሳ አፈር ሜዲትራኒያን ዳር ላለ ሰው መሬት ነበር ማለት ነው።

«ከወንዝ አሸዋ ብናወጣ ክረምት ይመልሰዋል»

ይህ የኛው የራሳችን ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጎሊና እና ሆርማት ክረምት ሲሞሉ ከተራራው ደለልና ጠጠር ይዘው ቆቦ ሜዳ እንደሚወርዱ አገሬው ያውቃል። ስለዚህ ወንዝ አሸዋ ይመልሳል፤ እውነት ነው። ግን የሚመልሰው ከላይ የሚመጣለትን ያህል ነው እንጂ እኛ የጫንነውን ያህል አይደለም። ከዚያ በላይ ከተወሰደ ወለሉ ይወርዳል። ጉድጓዱ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ ሽርሽሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታችም ይሄዳል። የድልድይ እግር ይጋለጣል። የመስኖ ጠለፋው ከውሃው በላይ ይቀራል። አጠገቡ ያለ የእጅ ጉድጓድ ውሃው ይሸሻል።

በስፔን ባስክ አገር ሙንዳካ የሚባል ቦታ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዝነኛው ማዕበሉ የሚሰበረው የወንዙ አፍ ያከማቸው አሸዋ ላይ ነበር። በ2003 የወንዙ አፍ ተጠረገና አሸዋው ተወሰደ። ማዕበሉ ተበላሸ፤ በ2005 ሊካሄድ የነበረው ዓለም አቀፍ ውድድር ተሰረዘ። ቆይቶ ወንዙ አሸዋውን መልሶ ሲያከማች ማዕበሉም ተመለሰ። እዚያ የጠፋው ጨዋታ ነበር፣ ለመጠበቅም ጊዜ ነበራቸው። እኛ ጋ የሚጠፋው የመስኖ ውሃ ከሆነ ገበሬው አንድ በጋም አይጠብቅም።

ለመለካት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። የድልድዩ እግር ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ከክረምት በፊትና መስከረም ላይ የወንዙ ወለል የት እንደደረሰ ማየት ይቻላል። በየዓመቱ ከወረደ፣ ክረምቱ የወሰድነውን አልመለሰም።