በዊንዶው ፈንክሽን ውጤት ማጣራት፦ ኦአርኤሙ ከጀርባ የሚሠራው

የእያንዳንዱን ደንበኛ የመጨረሻ ሦስት ትዕዛዞች ከዳታቤዝ ማውጣት ሲያስቡት ቀላል ነው። ሲጽፉት ግን ያስቸግራል። የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ትዕዛዝ የሆነው ግሩፕ ባይ ረድፎቹን ጨፍልቆ ለአንድ ደንበኛ አንድ ረድፍ ብቻ ይመልሳል። ሊሚት ደግሞ የሚቆርጠው ከጠቅላላው ውጤት ነው፤ ደንበኛ አይለይም። እዚህ ላይ የሚደርስልን ዊንዶው ፈንክሽን ነው። ረድፎቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጎን ግን ከቡድናቸው ጋር ተያይዞ የተሰላ ዋጋ ይጨመራል። ፓርቲሽን ባይ ቡድኑን ይለያል፣ ኦርደር ባይ ቅደም ተከተሉን ይወስናል፣ ሮው ነምበር ተራ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ከሦስት ያልበለጠውን መውሰድ ነው የቀረው።

ችግሩ ያለው እዚችው “የቀረው” ላይ ነው። ኤስኪውኤል ሥራውን የሚያከናውንበት የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፍሮም (ረድፎቹ የሚመጡበት)፣ ቀጥሎ ዌር (ረድፎቹን የሚያጣራው)፣ ከዚያ ግሩፕ ባይ እና ሃቪንግ (ቡድኖቹን የሚያጣራው)፤ ዊንዶው ፈንክሽን የሚሰላው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ዌር በሚሠራበት ሰዓት ተራ ቁጥሩ ገና አልተወለደም። መፍትሔው ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) በሰብኩዌሪ፣ ማለትም በሌላ ኩዌሪ ውስጥ በሚገባ ኩዌሪ፣ ጠቅልሎ ከውጭ በኩል በሌላ ዌር ማጣራት ነው። ከቴራዳታ የመጣው ኳሊፋይ የሚባለው ትዕዛዝ ይህን መጠቅለል ያስቀራል። ስኖውፍሌክ፣ ቢግኩዌሪና ደክዲቢም አላቸው። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት ላይ ግን መጠቅለሉ ግድ ነው።

ዊንዶው ፈንክሽን ወደ ኤስኪውኤል ስታንዳርድ ዋና ክፍል የገባው በ2003 ነው። ፖስትግሬስ በ2009 በ8.4 ተቀበለው። ማይኤስኪውኤል በ8.0፣ ኤስኪውላይት ደግሞ በ3.25 የያዙት ሁለቱም በ2018 ነው። ብዙ ዳታቤዞችን በአንድ ቋንቋ ለማናገር የተሠራ ኦአርኤም (የፕሮግራም ኮድን ወደ ኤስኪውኤል የሚተረጉም መሣሪያ) እስከዚያ ቢያዘግም ብዙም አይፈረድበትም።

የራሱ ኦአርኤም ያለው የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ጃንጎ ዊንዶው ፈንክሽንን የጨመረው በ2017 መጨረሻ በወጣው 2.0 ነበር። ያኔ ቁጥሩን አኖቴት አድርጎ (ለረድፉ እንደ ተጨማሪ ዓምድ አያይዞ) ማሳየት ይቻላል፤ በፊልተር ልጠቀምበት ሲሉ ግን ስህተት ይመልሳል። ሰዉ ወይ ጥሬ ኤስኪውኤል ይጽፋል፣ ወይ በሌላ ሰብኩዌሪ ይዞራል። በኤፕሪል 2023 የወጣው 4.2 ይህን ፈታ፦ ፊልተሩ ዊንዶው ፈንክሽን የሚነካ ከሆነ ጃንጎ ራሱ ኩዌሪውን ይጠቀልለዋል። በዚሁ ስሪት በፕሪፌች (ተያያዥ ረድፎችን አስቀድሞ በሚጭነው) ውስጥ በቁጥር የተቆረጠ ኩዌሪሴት (የጃንጎ ኩዌሪ) መስጠት የተቻለውም በዚሁ ዘዴ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጦማር ሦስት ሦስት አስተያየት ብቻ አስቀድሞ መጫን ይቻላል።

አሁን ወደ ወጥመዱ። በመጀመሪያ ፊልተር ተራ ቁጥሩ ከሦስት እንዳይበልጥ አደረግን እንበል፤ ቀጥለን በሁለተኛ ፊልተር “የተከፈለባቸው ብቻ” አልን። ኮዱን የሚያነብ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ትዕዛዞች ውስጥ የተከፈለባቸው የሚመጡ ይመስለዋል። ጃንጎ ግን ዊንዶው የማይነካውን ሁኔታ ወደ ውስጠኛው ዌር ይወስደዋል። የሚመጣው ከተከፈለባቸው ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሦስት ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የፊልተሮቹን ቦታ ማቀያየር ምንም አይለውጥም፤ ስህተትም አይወጣም፣ ሪፖርቱ ብቻ ዝም ብሎ ይሳሳታል። የመጀመሪያውን ትርጉም የፈለገ፣ የተጣሩትን ረድፎች መለያ ቁጥር እንደ ሰብኩዌሪ ወስዶ በአዲስ ኩዌሪ ላይ ሁለተኛውን ሁኔታ ማድረግ አለበት።

ሌላም ገደብ አለ። አግሪጌሽን (እንደ ድምርና ቆጠራ ያለ ማጠቃለያ) ባለበት ኩዌሪ ላይ ዊንዶውን የሚመለከት ሁኔታና ተራ ሁኔታ በ“ወይም” ከተያያዙ ጃንጎ አልሠራም ይላል። ልክ ነው፤ አንዱን ወደ ውስጥ ሌላውን ወደ ውጭ መክፈል አይቻልማ።

ሌላው የፓይተን ኦአርኤም ኤስኪውኤልአልኬሚ የተለየ መንገድ ይዟል። ኦቨር የሚለውን (የዊንዶውን ቡድንና ቅደም ተከተል የሚገልጸውን) ጽፈህ፣ ሰብኩዌሪውን በእጅህ ሠርተህ፣ ከውጭ ታጣራለህ። መተየቡ ይረዝማል፤ ግን የቱ ሁኔታ ውስጥ፣ የቱ ውጭ እንደሆነ ፊት ለፊት ይታያል። ለእኔ ይሄኛው ይሻላል። የጃቫው ኦአርኤም ሃይበርኔት ከስሪት 6 ወዲህ ዊንዶው ፈንክሽንን በራሱ ቋንቋ ይቀበላል፤ በፍሮም ውስጥ ሰብኩዌሪ የፈቀደው ደግሞ በ6.1 ነው። በሩቢው ሬይልስ የተለመደው የዊንዶውን ክፍል በኤስኪውኤል ጽሑፍ ጽፎ በፍሮም መጠቅለል ነው።

ፈንክሽኑን ሲመርጡ እኩል የወጡ ረድፎችን ማሰብ ያስፈልጋል። ራንክ እኩል ለሆኑት አንድ ደረጃ ሰጥቶ ቀጣዩን ቁጥር ይዘላል፤ ዴንስ ራንክ አይዘልም። በሁለቱም “እስከ ሦስት” ማለት ከሦስት በላይ ረድፍ ሊያመጣ ይችላል። ሮው ነምበር ከሦስት አያልፍም፤ ግን ሁለት ትዕዛዞች በአንድ ሰዓት ከተመዘገቡ የትኛው እንደሚቀድም ዋስትና የለም። ኦርደር ባዩ መጨረሻ ላይ መለያ ቁጥሩን መጨመር ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ በፓርቲሽኑና በቅደም ተከተሉ ዓምዶች ላይ የጋራ ኢንዴክስ (ቀድሞ የተደረደረ ማውጫ) ካለ ዳታቤዙ እንደገና ከመደርደር ሊድን ይችላል። ፖስትግሬስ ከ15 ጀምሮ “ተራ ቁጥሩ ከሦስት አይበልጥ” የሚል ማጣሪያ ሲያይ የማያስፈልገውን ስሌት ያሳጥራል። ከውጭ የተጻፈ ሌላ ሁኔታን ወደ ውስጥ የሚያወርደው ግን ሁኔታው የፓርቲሽኑን ዓምድ የሚመለከት ሲሆን ነው፤ አለበለዚያ ውጤቱ ይቀየራል። ከየቡድኑ አንድ ረድፍ ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ፖስትግሬስ ላይ ዲስቲንክት ኦን አለ። ጃንጎም ዲስቲንክት ላይ የዓምድ ስም በመስጠት ይደግፈዋል፤ ያኔ ዊንዶው ፈንክሽን ጨርሶ አያስፈልግም።